ደብዳቤው ወይስ ደረሰኙ? የክረምቱ የንባብ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ «ስለ ቴክሳስ ታሪክ አንድ ነገር እናድርግ» ብለን ተለያየን። ያ «አንድ ነገር» እስካሁን ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እዚህ ተነጋግረን ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ አንድ ገጽ ይዘን እንውጣ። መነሻው ይታወቃል። ልጆቻችን 4ኛ እና 7ኛ ክፍል ላይ የቴክሳስን ታሪክ ይማራሉ። ማታ ሲጠይቁን እናት ወደ አባት፣ አባት ወደ እናት ይመራቸዋል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ጻፉልኝ፣ በኋላ ማስታረቁ ለእኔ ነው የሚተርፈው።

ሰብሳቢ
እኔ የማቀርበው የስቲቨን ኦስቲንን ደብዳቤዎች ነው፣ ከአሜሪካ ሰፋሪዎችን አምጥቶ ቴክሳስ ውስጥ ያሰፈረውን ሰው። ታሪኩ ከአባቱ ይጀምራል። ሞዘስ ኦስቲን በ1761 ኮነቲከት ተወለደ፣ ሚዙሪ ውስጥ እርሳስ ከማዕድን እያወጣ የሚነግድ ሰው ነበር። የ1819ኙ የገንዘብ ቀውስ ባዶ እጁን አስቀረው። በ1820 መጨረሻ ሳን አንቶንዮ ድረስ ሄዶ ለስፔን ሹማምንት «300 ቤተሰብ አምጥቼ ላስፍር» አለ። በጃንዋሪ 1821 ፈቀዱለት። በጁን ሞተ። ሚስቱ ማሪያ ያን ጊዜ ለልጇ ለስቲቨን የጻፈችው ደብዳቤ ዛሬም አለ። አባትህ የጀመረውን አንተ እንድትጨርስለት ንገሪልኝ ብሎ አደራ ሰጥቶኛል ትለዋለች። የአደራን ነገር ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚህ ብንጀምር ልጆቹ ይያዛሉ። ስሙንም «የቴክሳስ አባት ደብዳቤዎች» እንበለው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ
የማሪያ ደብዳቤ አሪፍ ነው፣ እሱ ይግባ። ስሙ ላይ ግን አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ ሰብሳቢያችን። «የቴክሳስ አባት» የሚለውን የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ይነግራቸዋል። መጽሐፉ የማያሳያቸውን ነገር ብናሳያቸው አይሻልም?

የኦስቲን ቤተሰብ ወረቀቶች ውስጥ ገብቼ ነበር። ዩጂን ባርከር የተባለ የታሪክ ሊቅ ከ1924 እስከ 1928 በትልልቅ ጥራዞች አሳትሟቸዋል። ዋናዎቹ ኦስቲን ከተማ፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ብሪስኮ የታሪክ ማዕከል ነው ያሉት። የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ብዙውን በታይፕ ተገልብጦ በነጻ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ስለዚህ በዚያ ዘመን የእጅ ጽሑፍ ዓይናችንን አናጠፋም። ውስጡ ያለው ግን ደብዳቤ ብቻ አይደለም። የዕዳ ማስታወሻ አለ፣ የመሬት ጥያቄ አለ፣ ሒሳብ አለ። ማታ ልዝጋው እያልኩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆየኝ እሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ
ሒሳብ ካለ አለሁ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኦስቲን ሰፋሪዎቹን በኤከር 12 ሳንቲም ተኩል ሊያስከፍል አስቦ ነበር። በዚያው ዘመን የአሜሪካ መንግሥት የራሱን መሬት የሚሸጠው በኤከር 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፣ በጥሬ ገንዘብ፣ ከ80 ኤከር ያላነሰ። አንድ አስረኛ ማለት ነው! ሰው ለምን ድንበር ተሻግሮ፣ ያኔ ከስፔን ወደ ሜክሲኮ እጅ ወደ ገባችው ቴክሳስ እንደሄደ ሁለት መስመር ሒሳብ ይነግርሃል።

ሰፋሪዎቹ ግን በእሷም አጉረመረሙ። መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ክፍያዋን ሰረዘበት። የማኅበር መዋጮ የሰበሰበ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

የቤተ መዛግብት ሠራተኛ
ወረቀቱ ሦስት ቦታ ነው ያለው፣ ይህን ለይተን እንያዝ። አንደኛው ብሪስኮ ነው፣ እዚያ የኦስቲን ቤተሰብ ወረቀት አለ። ሁለተኛው እዚያው ኦስቲን ከተማ ያለው የስቴቱ ጠቅላላ የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። በስፓኒሽ የተጻፉት የመሬት ሰነዶችና ኦስቲን የመጡትን ቤተሰቦች የመዘገበበት መዝገብ እዚያ ነው። ሦስተኛው ጋልቨስተን፣ ሮዘንበርግ ቤተ መጻሕፍት ነው። የኦስቲን ጸሐፊ የነበረው የሳሙኤል ዊሊያምስ ወረቀቶች እዚያ አሉ። ሰውየው በኋላ ከሸሪኩ ከማኪኒ ጋር ትልቅ የንግድ ድርጅት ያቋቋመ ነጋዴ ነው።

ልጆች ይዘን ንባብ ክፍል መግባት ግን እርሱት። አስቀድሞ ማሳወቅ አለ፣ ቦርሳ ውጭ ይቀራል፣ ምግብ የለም፣ ከእርሳስ በቀር መጻፊያ አይገባም። ቅጂውን እዚህ እናንብብ። ለጉብኝት ሳን ፊሊፔ ይሻላል። ኦስቲን ያቋቋመው ቅኝ ሰፈር ዋና ከተማ የነበረው ነው፣ ከሂዩስተን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ2018 ጀምሮም ሙዚየም አለው።

ጋሼ (ጡረታ የወጡ ቀያሽ)
ልጆቼ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። መሬት ከተነሳማ እኔም ልናገር።

በዚያ አገር ልኬቱ ቫራ ይባላል። አንዷ ቫራ 85 ሳንቲ ሜትር ትሞላለች ማለት ይቻላል። በአራቱም ጎን 1,000 ቫራ የሆነ መሬት «ላቦር» ነው፣ 177 ኤከር። በአራቱም ጎን 5,000 ቫራ ከሆነ ደግሞ «ሊግ» ነው፣ 4,428 ኤከር። አራሽ ነኝ ላለ ላቦር ይሰጠዋል። ከብት አርቢ ነኝ ላለ ሊግ። እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አብዛኛው ሰው ከብት አርቢ ነኝ ብሎ ተመዘገበ። በእኛ ልኬት ላስላው፤ ጋሻን 40 ሄክታር ብንል ላቦር ሁለት ጋሻ አይሞላም፣ ሊግ ግን 45 ጋሻ ያህል ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ 45 ጋሻ በአንድ ሰው ስም ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰነዱን ደግሞ አንብቡት። ድንበሩ የሚጀምረው ከወንዝ ዳር ነው፣ ከብራዞስ ወይም ከኮሎራዶ። ከዚያ እስከዚህ ዛፍ ይህን ያህል ቫራ፣ ዛፉም ላይ ምልክት ተቀርጿል ይላል። ከወንዙ እስከ ዋርካው እንደምንለው ነው። ዛፉ ሲወድቅ ነው ሙግቱ የሚጀምረው። ይህን የመሰለ ወረቀት ለልጆች ሲሰጥ የታሪክ ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ትምህርት ነው። እኔ አንዱን ቅዳሜ እወስዳለሁ።

ጸሐፊ
ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። ተመዝግቧል፣ አንድ ቅዳሜ የእርስዎ ነው።

የቅዳሜ ትምህርት ቤት አስተማሪ
ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ነገር ግን አልተነሳም፣ ባይነሳ ደግሞ ዕቅዱን አልፈርምበትም።

ያ መሬት የሚሰጠው በምን ሒሳብ ነበር? ኦስቲን በ1821 ያወጣው ዕቅድ እንዲህ ይላል፤ ለአባወራው 640 ኤከር፣ ለሚስቱ 320፣ ለልጅ 160፣ ይዞት ለመጣው ለእያንዳንዱ በባርነት ለተያዘ ሰው 80። ሰዎቹ የመሬት ማስጨመሪያ ነበሩ። በ1825 በተደረገው ቆጠራ የቅኝ ሰፈሩ ሕዝብ 1,790 ያህል ነበር፣ ከእነዚያ 443ቱ በባርነት የተያዙ። ከአራት ሰው አንዱ ማለት ነው። የእነሱ ደብዳቤ ሳጥኑ ውስጥ የለም። ስማቸውን የምታገኙት፣ ከተገኘ፣ ሒሳቡ ላይ ነው።

ይበልጥ የሚያመው ደግሞ ይሄ ነው። በ1827 የኮዋዊላና ቴክሳስ፣ ማለትም ቴክሳስን ያቀፈው የሜክሲኮ ስቴት፣ ሕገ መንግሥት ከእንግዲህ በግዛቱ የሚወለድ ሁሉ ነጻ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላም አዲስ ባሪያ አይገባም አለ። ሰፋሪዎቹ ምን አደረጉ? በሚቀጥለው ዓመት ውጭ አገር የተፈረመ የሥራ ውል ይጸናል የሚል ሕግ አስወጡ። ከዚያማ ድንበር ከመሻገራቸው በፊት ሰውየውን ውል ያስፈርሙታል። ለ99 ዓመት ለማገልገል «ተስማምቷል»። ዋጋውም እንደ ዕዳ ይጻፍበታል፣ በጥቂት ደመወዝ እየሠራ እንዲከፍለው። ወረቀቱን ላዩን ብቻ ካያችሁት የሥራ ቅጥር ነው። እዚህ ስንመጣ ሁላችንም የሥራ ውል ፈርመናል፤ ልጆቹ ይሄን ውል ከእኛው ውል ጎን አስቀምጠው ቢያነቡት ልዩነቱን እነሱው ያገኙታል።

ስለዚህ ለርእሱ መልሴ፦ ደረሰኙ። ደብዳቤ ጸሐፊው እንዲታይለት የፈለገውን ይናገራል። ሒሳብ ሲጽፍ ግን ማንም ይሉኝታ የለውም።

አንዲት እናት
መምህር፣ እውነትሽን ነው፣ ግን የእኔ ልጅ ገና 12 ዓመቱ ነው። ይህን ሁሉ ይችለዋል? ደግሞ «በእኛ አገርስ ነበረ?» ቢለኝ ምን ልበል?

የቅዳሜ ትምህርት ቤት አስተማሪ
እህቴ፣ ነበረ ነው የምትይው። ኢትዮጵያ ውስጥም ነበረ፣ በአዋጅ ሙሉ በሙሉ የተሻረውም በ1942 ነው። ጋሼ ሳይወለዱ አልቀሩም ያኔ። «ባሪያ» የሚለው ቃል በእኛም ቋንቋ ዛሬም ሰው ያቆስላል። ስለዚህ በጽሑፋችን «በባርነት የተያዙ ሰዎች» እንበል። ዕድሜውን በተመለከተ ግን ልክ ነሽ። ከ7ኛ ክፍል በታች ያሉት የማሪያን ደብዳቤና የጋሼን ልኬት ይካፈሉ። ውሉን የሚያነቡት ከ7ኛ ክፍል በላይ ያሉት ናቸው፣ ከወላጅ ጋር ተቀምጠው።

ጋሼ (ጡረታ የወጡ ቀያሽ)
ተወልጃለሁ። ይህንን እንኳ ባትነኪው ጥሩ ነበር።

ሰብሳቢ
ለመምህር ክብር አለኝ። ግን አንድ ስጋት አለኝ፣ እንደ ሽማግሌ ልናገረው። እንግዶች ነን። መጥተን የሰውን አገር ጀግና አቃለሉ እንዳንባል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ
ሰብሳቢያችን፣ እኛ ምንም አንጨምርም እኮ። የጻፈው ራሱ ነው፣ ያሳተሙት ራሳቸው ናቸው። ኦስቲን በ1821 በጉዞ ማስታወሻው ላይ ስለ ካራንካዋዎች፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ናቸው፣ ከማጥፋት በቀር መላ የላቸውም ብሎ ጽፏል። ያንኑ ሰው በ1834 ሜክሲኮ ሲያስሩት በእስር ቤት የያዘው ማስታወሻ ሲነበብ ያሳዝናል። ለእስር ያበቃውም አንድ ደብዳቤ ነው። በኦክቶበር 1833 ለሳን አንቶንዮ ምክር ቤት የራሳችሁን ስቴት አደራጁ ብሎ ጻፈ፣ ደብዳቤው ዞሮ ባለሥልጣናቱ እጅ ገባ፣ ሳልቲዮ ከተማ ላይ ያዙት። ሁለቱንም እናንብብ። ጀግና ካልን ከነሙሉ ወረቀቱ ይሁን። በ43 ዓመቱ ነው የሞተው፣ በ1836 ዲሴምበር መጨረሻ።

እስቲ ይህንንም ልጨምር፣ ፈገግ እንድትሉ። በዚያው ሳን ፊሊፔ ጋዜጣ ያትም የነበረው ጌይል ቦርደን በኋላ የቆርቆሮ ወተት የፈጠረው ሰው ነው። በልጅነታችን ከሻይ ጋር የጠጣነው።

ሰብሳቢ
ወተቱ አሸነፈኝ። እሺ፣ «የቴክሳስ አባት» ይቅር። የእስሩ ደብዳቤ ግን ይግባ።

ጸሐፊ
ከመጠቅለሌ በፊት አንድ የራሳችን ጉዳይ። በማርች 1836፣ ቴክሳስ በሜክሲኮ ላይ ባመፀችበት ጊዜ፣ የሜክሲኮ ጦር ሲመጣ ሳን ፊሊፔን ሰዎቿ ራሳቸው አቃጥለዋት ሸሹ። የመሬቱ መዝገብ የተረፈው አስቀድሞ ታስሮ ስለወጣ ነው። ይህን ሳነብ ያፈርኩት የእኛን ቃለ ጉባኤ አስቤ ነው። በ2017ቱ የሃርቪ ጎርፍ አንድ አባል ጋራዥ ውስጥ በካርቶን ተቀምጦ ነበር፣ ግማሹ ገንፎ ሆነ። የቀረውን ስካን የሚያደርግ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ። ዕቅዱ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ የሚቃወም ይናገር።

ረቂቁ ይኸው፦

«ማኅበሩ በክረምቱ አራት ቅዳሜዎች የቴክሳስን የቅኝ ሰፋሪዎች ወረቀቶች በቅጂ ያነባል። መጀመሪያ የማሪያ ኦስቲን ደብዳቤ፣ ሁለተኛ የመሬት ሰነድና ልኬት፣ ሦስተኛ የ1833ቱ ደብዳቤና የእስር ቤቱ ማስታወሻ፣ አራተኛ የ99 ዓመቱ ውልና የሒሳብ ወረቀቶች። አራተኛው ከ7ኛ ክፍል በላይ ላሉትና ለወላጆች ብቻ። በመጨረሻ ሳን ፊሊፔ ጉብኝት፣ በአባላት መኪና። የተነበበው በአማርኛ ተተርጉሞ ለወላጆች በቀላል መጽሔት ይታተማል። የማኅበሩ የራሱ ወረቀቶችም ተቆጥረው በዲጂታል ይቀመጣሉ።»

ገንዘብ ያዥ
«ይታተማል» የሚለው ላይ ገንዘብ የለም። «ይባዛል» በሉት። ኮፒ ማድረጊያውን እኔ እችላለሁ።

የቅዳሜ ትምህርት ቤት አስተማሪ
ውሉን ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ አምጡት። በመጨረሻው ቀን ካደረግነው ተነጋግረን ሳንጨርስ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። እስሩ አራተኛ ይሁን።

ጸሐፊ
ሁለቱም ተስተካክሏል። እስከ እሑድ ማታ ሌላ ከሌለ ይሄው ነው የሚቀርበው። ስካን የሚያደርጉት ሁለት ሰዎች ግን እስካሁን አልተገኙም፣ አይቻለሁ ዝም ብላችሁ ስታልፉ።

ጋሼ (ጡረታ የወጡ ቀያሽ)
አንዱ እኔ ነኝ፣ ማሽኑን የሚያሳየኝ ልጅ ስጡኝ። ለሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ ገመድ አመጣለሁ፣ በቫራ ቋጥሬ። 1,000 ቫራ ከቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ይወጣል፣ 100ዋን ይለኩ ይበቃል።