ይሄ ቱሽ ፑሽ ሚሉት ግፊያ በቃ ሊታገድ ነው?

ጦሳ_ስር

ሰላም የቤቱ ልጆች እንዴት ናችሁ። የአሜሪካን ፉትቦል ሚከታተል ሰው እዚህ ካለ አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር፣ ከሌለም አብሽሩ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ታላቅ ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊ ነው፣ እሁድ ማታ ስደውልለት ጨዋታ ላይ ነኝ ብሎ ይዘጋብኛል። ምን አባቱ ቢሆን ነው ብዬ እኔም ቪዲዮ ማየት ጀመርኩና ይኸው ሱስ ሆነብኝ። ደሴ ፒያሳ ኳስ ቤት ገብቼ ይሄን ክፈቱልኝ ብል ሚያስወጡኝ ነው ሚመስለኝ ስለዚህ በስልኬ ነው የማየው፣ ፓኬጅ ሲያልቅ ጨዋታውም አለቀ።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ፊላደልፊያ ኤግልሶች ሚጫወቷት ቱሽ ፑሽ ምትባል ነገር አለች። ጎል ለመግባት ወይ ኳሷን ላለመነጠቅ አንድ ያርድ (91 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ወይ ከዛ በታች ሲቀራቸው ግዙፎቹ ልጆች ከፊት ዝቅ ብለው ይደረደራሉ፣ ጨዋታውን ሚመራው ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስ ኳሷን ከመሀላቸው ይቀበልና አንገቱን ቀብሮ ይገባል፣ ወዲያው ከኋላው የቆሙት ቂጡን ይዘው ይገፉታል። አለቀ፣ ይሄው ነው። ሐረጎ ዳገት ላይ እህል የጫነ ኢሱዙ ሲቆም ረዳቱም ተሳፋሪውም ወርዶ ሚገፋው አይነት። ቪዲዮውን ቀስ አርጌ ሳየው ኳሷ የት እንደገባች እንኳን አይታይም፣ ዳኞቹ ከጎን እየሮጡ መጥተው ሰው ከሰው ላይ እያነሱ ነው ሚፈልጓት።

ወንድሜ ትታገዳለች ብሎ ምሏል፣ ግንቦት 2017 ላይ ለጥቂት ነው የተረፈችው ቀጣይ ግን አለቀላት ይላል። እኔ ደሞ የሰራ ነገር ስለሰራ ይታገዳል እንዴ፣ ማቆም ያቃተው ማቆም ይማር ነው ምለው። ካርድ ተወራርደናል። እና ሚያውቅ ሰው ያስረዳኝ፣ ማነው ሚያግደው? የሊጉ (ኤንኤፍኤል) ኮሚሽነር ብድግ ብሎ ከነገ ጀምሮ የለም ማለት ይችላል?

ቧንቧ_ውሃ

ኧረ በናትህ እኛ የማንቼን ጉድ ተሸክመን መቼ ቻልነው አንተ ሌላ ታመጣብናለህ ሃሃሃ። ግን ፈልጌ አየሁት፣ ሁለቴ ደጋግሜ አይቼ ማን እንዳገባ አልገባኝም ወላሂ።

ሸዋበር_ፊላ

ጦሳ ሰላም ነው? የሸዋበር ልጅ ነኝ፣ አሁን ምኖረው እዛው ፊላደልፊያ ነው ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽህም።

ኮሚሽነሩ ሮጀር ጉዴል ብቻውን አያግድም። ሕግ ሚቀይሩት የክለብ ባለቤቶቹ ናቸው፣ 32 ክለብ አለ፣ ለመቀየር 24 ድምፅ ያስፈልጋል። ግንቦት 2017 (በፈረንጅ ሜይ 2025) ሚኒሶታ ላይ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡ፣ 22 ይታገድ 10 አይታገድ፣ ሁለት ድምፅ ጎደለና ወደቀ። ሀሳቡን ያመጣው ግሪን ቤይ ፓከርስ ነው። አሁን ሚያስቀውን ስማኝ፣ በዛው አመት ጃንዋሪ ላይ ኤግልስ ግሪን ቤይን ከጥሎ ማለፉ ያሰናበተው በስንት መሰለህ? 22 ለ 10! እንዲች ብሎ ቁጥሩ ራሱ። ከተማው እኮ በሳቅ ነው የሞተው።

ስብሰባው ላይ የኤግልስ ባለቤት ጄፍሪ ሉሪ ረጅም ሰአት ነው የተከራከረው፣ ጫማውን የሰቀለውን ጄሰን ኬልሲን ሁሉ ይዞት ገብቷል፣ ኬልሲ ማለት ለአመታት መሀል ላይ ተደፍቶ ኳሷን በእግሮቹ መሀል ሲያቀብል የነበረው ሴንተሩ ነው። ከሱ በላይ ክምሩ ስር የዋለ ሰው ስለሌለ ተጎድቼበታለሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁኝ አይነት ነገር ነው። ምክንያቱም ሌሎቹ በዋናነት ያነሱት ጉዳት ነው፣ የዛኔው የቡፋሎ ክለብ አሰልጣኝ ሾን ማክደርሞት አንገት ላይ ሚመጣው ጫና ያሰጋኛል ሲል ነበር። ግን ሊጉ ራሱ ይኸው በዚች ጨዋታ የተጎዳው ይሄን ያህል ነው ብሎ ሚያሳየው አልነበረውም። ደሞ ቡፋሎ ራሱ እሷኑ ነው ሚጫወተው!! ይሄን አስበው እስኪ።

አንድ ሌላ ነገር፣ መግፋት ድሮ ክልክል ነበር። ኳስ የያዘውን የራስህን ልጅ ከኋላ መግፋት የተፈቀደው 2005 ላይ ነው፣ ዳኞች ይሄ ገፋ ይሄ ተደገፈ እያሉ መለየት ስላስቸገራቸው ተውት። መጎተት ግን እስካሁን ፋውል ነው። እና ግሪን ቤዮች አዲስ ሕግ አምጡ ሳይሆን የድሮውን መልሱልን ነው ያሉት ማለት ይቻላል፣ በዚህ በዚህ ክርክራቸው ባዶ አይደለም።

ለወንድምህ ደሞ ይሄን ንገረው። ጃንዋሪ 2025 የኮንፈረንሱ ፍፃሜ ላይ (ከሱፐር ቦውል በፊት ያለው ጨዋታ) ዋሽንግተን ከኛ ጋር ሲጫወት ፍራንኪ ሉቩ ሚባለው ተከላካያቸው ግፊያው ሳይጀመር በሰልፉ አናት ላይ ዘሎ ወደኛ ጎን ወደቀ። ፋውል። ደገመ። ፋውል። ከመስመሩ እስከ ጎሉ አንድ እርምጃ ስለማይሞላ ቅጣቱ ራሱ የቀረው ርቀት ግማሽ ብቻ እየሆነ ምንም አይጎዳቸውም፣ ቢደግሙት ቢደግሙት ሚከስሩት ነገር የለም። በመጨረሻ ዳኛው ማይኩን ከፍቶ ይሄ ነገር ከቀጠለ ነጥቡን ዝም ብለን ልንሰጥ እንችላለን አለ። ስታዲየሙ በአንድ እግሩ ቆመ። 55 ለ 23 ነው ያለቀው ወንድምህ ያስታውሰዋል።

ጦሳ_ስር

ሃሃሃ ይሄን ነው የፈለኩት፣ አሁኑኑ ነው ኮፒ አርጌ ምልክለት። 55 ለ 23ን ግን አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም እኮ።

ግን 22 ሰው ይታገድ ካለ በኋላ ሁለት ሰው ማሳመን ምን ያቅታቸዋል? ይሄ ነው ሚያሰጋኝ።

ሰኞ_ገበያ

እኔ ከወንድምየው ጋር ነኝ፣ ይታገድ። የኤግልስ ጥላቻ የለብኝም፣ ጨዋታው ስለማያምር ነው። ሰው ብር ከፍሎ ስታዲየም ሚገባው ልጅ ሲሮጥ፣ ሲወረውር፣ ሲዘል ለማየት ነው፣ ይሄ ግን አስር ምናምን ሰው ተደፍቶ ቂጥ ለቂጥ ነው። ደሞ አቻ ፉክክር ሚባል የለም፣ ከአስር ስምንቴ በላይ ሲሳካላቸው ነበር፣ ያውቃሉ እንደሚሳካ፣ ተቃራኒውም ያውቃል፣ ታዲያ ምኑን ታየዋለህ? በአራት ሙከራ አስር ያርድ ነው መሄድ ያለባቸው፣ ሶስት ሙከራ ላይ ዘጠኝ ያርድ ከሄዱ አራተኛው ተረጋገጠ ማለት እኮ ነው።

ሸዋበር_ፊላ

ሰኞ ገበያ ወንድሜ አያምርም ያልከውን አልከራከርህም፣ እኔም ለእናቴ ላሳያት ብል አፍራለሁ። ግን የተረጋገጠ ነው ያልከው አይሆንም። እንደዛ ቢሆን 32ቱም ክለብ እኩል ይሳካለት ነበር። ቡፋሎ ጃንዋሪ 2025 ካንሳስ ሲቲ ላይ አራተኛው ሩብ ላይ ጆሽ አለንን ያህል ግዙፍ ልጅ ይዘው ሞከሩ፣ ቆሙ፣ ሱፐር ቦውሉም (የሊጉ ዋንጫ ፍፃሜ) በዛው አመለጣቸው። ኤግልስ ሚሳካለት ፊት ላይ ያሉት ልጆች ስለሚለዩና ኸርትስ 600 ፓውንድ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ሚል ሰው ስለሆነ ነው፣ 270 ኪሎ በላይ ማለት እኮ ነው፣ ሁለት ኩንታል ተኩል ጤፍ ትከሻው ላይ ጭነህለት ሚነሳ ኳርተርባክ አምጣልኝና እንነጋገር። በፌብሩዋሪው ሱፐር ቦውል ካንሳስን 40 ለ 22 ሲያሸንፉ የመጀመሪያዋ ታችዳውን (የነሱ ጎል በላት) በዚቹ ነው የገባችው፣ ካንሳስ እንደምትመጣ አጥቶት ነው?

ቦርከና_ፊሽካ

ከኮምቦልቻ ነኝ፣ የኛውን እግር ኳስ ነው ማጫውተው፣ የሰፈርም የወረዳም ውድድር። የአሜሪካኑን ብዙ አላውቅም ግን ሸዋበር ፊላ 24 ከ 32 ሲል ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም የኛም ሕግ ሚቀየረው በዛው ሂሳብ ነው። የእግር ኳስ ሕግ ሚያወጣው አይፋብ ሚባለው ነው፣ 8 ድምፅ አለው፣ 4ቱ የፊፋ፣ የቀሩት አንድ አንድ የእንግሊዝ የስኮትላንድ የዌልስ የሰሜን አየርላንድ፣ ለመቀየር 6 ያስፈልጋል። 6 ከ 8፣ 24 ከ 32፣ ሁለቱም ከአራት ሶስት እጅ ነው። ስለዚህ ጦሳ፣ ብዙሀኑ ጠላው ማለት ይታገዳል ማለት አይደለም፣ አሰራሩ ራሱ የተሰራው አንድ ሰሞን ተናዶ ሕግ እንዳይቀየር ነው። እነዛ አስሩ ሚገፋ ልጅ ስላላቸው ብቻ አይመስለኝም እምቢ ያሉት፣ ዛሬ ያንተን ካገድኩ ነገ የኔን ታግዳለህ ነው ነገሩ።

ግን ማስቀየም ሲበዛ ይቀየራል። ጣልያን 90ን ያያችሁ ታላላቆች ካላችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ግብፅና አየርላንድ 0 ለ 0 የወጡበት ጨዋታ። ለበረኛ ይመልሳል፣ በረኛው በእጁ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይመልሱለታል፣ ይይዛል፣ ሰው ቴሌቪዥን ፊት እንቅልፍ ወሰደው። 1992 ላይ በእግር የተመለሰ ኳስ በረኛ በእጅ አይነካም ተባለ። የዛኔ ተከላካዮች አለቀልን ብለው ነበር እኮ፣ ዛሬ በረኛው በእግሩ ሚጫወት ካልሆነ ማን ይገዛዋል?

ሌላም ልጨምር ትንሽ ትረዝማለች ታገሱኝ። በረኛ ኳስ ይዞ ከ6 ሰከንድ በላይ አይቆይም ሚል ሕግ ለአመታት ነበረ፣ ማንም ግን አይነፋም፣ ምክንያቱም ቅጣቱ ሳጥን ውስጥ ሁለተኛ ቅጣት ምት (ቀጥታ ወደ ጎል ተመትቶ ማይቆጠር) ነው፣ እሱን ሰጥተህ ጎል መስመር ላይ አስራ አንድ ሰው ሲደረደርብህ ጨዋታው ይበላሻል፣ ስለዚህ ሁላችንም በአይናችን እያየን እናልፋለን። 2025 ላይ (በፈረንጅ) 8 ሰከንድ አርገው ቅጣቱን ኮርነር አረጉት፣ ዳኛው የመጨረሻውን አምስት ሰከንድ እጁን አንስቶ በጣቱ ይቆጥራል፣ በረኛው ያየዋል፣ ይለቃል። ጨረሰ። እኔ ምለው ይሄን ግፊያም ሚያጠፋው ካለ ድምፅ አይደለም ፊሽካ ነው። ያለው ሕግ ላይ ሚጠብቅ ዳኛ ይምጣና እናያለን።

ሸዋበር_ፊላ

ቦርከና ጋሼ ልበልህ መሰለኝ፣ ነካሃት። መስከረም 2018 (ሴፕቴምበር 2025) ላይ ካንሳስ ጋር ስንጫወት የኛ መስመር ልጆች ኳሷ ሳትነሳ ቀድመው ሲንቀሳቀሱ በቪዲዮ በደንብ ታየ፣ ዳኛው አልነፋም፣ አሜሪካ በሙሉ ተንጫጫ። ከዛ በኋላ ሊጉ ለዳኞቹ ጠበቅ አርጋችሁ ንፉ አለ። ቀድሞ መንቀሳቀስ 5 ያርድ ነው ሚያስከፍለው፣ ግማሽ ያርድ ለቀረው ሰው 5 ያርድ ወደኋላ ማለት ግፊያው ቀረ ማለት ነው፣ ሌላ ጨዋታ ፈልግ።

ጥቅምት ላይ ደሞ ኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር ተገላቢጦሽ ሆነ። ኸርትስ ክምሩ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ኳሷን ወደፊት ሲያወጣ ተከላካዩ ቲቦዶ ቀማው፣ አንጠልጥሎ ወጣ፣ ዳኞቹ ግን የለም ወደፊት መሄዱ ቆሞ ስለነበር ሙከራው አልቋል ብለው ለኛ አረጉት። ለኛ ስለሆነ ዝም አልኩ እንጂ ለነሱ ቢሆን ጎረቤት ይሰማኝ ነበር። እና የኔ ግምት፣ የባለቤቶቹ ዋና ስብሰባ ማርች ላይ ነው፣ ኤግልስ በዚች ጨዋታ ብዙ ካልተሳካለት ትታገድ ብሎ ሀሳብ ሚያመጣ ክለብ ራሱ ይጠፋል፣ ማይሰራ ነገር ማን ያግዳል።

ጦሳ_ስር

እንደዛ ከሆነ ውርርዱ ምን ሊሆን ነው? ሳትታገድ ብትሞት እኔ ነኝ ያሸነፍኩት አይደል?

ሰኞ_ገበያ

አይታገድም ብለህ ከተወራረድክ አንተ ነህ። ግን ወንድምህ ሚከፍልህ አይመስለኝም፣ ዲያስፖራ ካርድ ሞላሁልህ ይልና ኔትወርክ ነው ይልሃል።

ወልድያ_ካታንጋ

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ አሜሪካውን ተዉትና የኛን ንገሩኝ። አርሰናል ኮርነር ሲመታ በረኛው ላይ ሶስት ሰው ተደግፎ ሚቆመው እሱስ መቼ ነው ሚታገደው? በአላህ አንድ ሰው መልስ ይስጠኝ፣ እኔ የቼልሲ ነኝ ተቃጥያለሁ።

ቦርከና_ፊሽካ

ወልድያ እሱ እኮ ታግዷል፣ መያዝም ነክቶ መንገድ መዝጋትም ድሮውንም ፋውል ነው። ችግሩ ኳሷ ከመመታቷ በፊት ያለው ትግል ነው። ኮርነሩ ገና ሳይመታ ቢጎትተው ቅጣት ምት መስጠት አልችልም፣ ኳሷ ጨዋታ ውስጥ ስላልገባች፣ ማስጠንቀቅ ወይ ቢጫ ማሳየት ብቻ ነው። አስጠንቅቄ ዞር ስል እንደገና ይያያዛሉ፣ ኳሷ ስትነሳ ደሞ ስድስት ጥንድ አንድ ላይ ተያይዟል፣ ማን ጀመረ? አጥቂው የተከላካዩን ማልያ፣ ተከላካዩ የአጥቂውን ወገብ። ባለፈው አንድ ጨዋታ ላይ አንዱን ልጅ ስጠራው ሁለቱም እኔን ነው ብለው አብረው መጡ። አንተ ብትሆን ለማን ትነፋለህ?

ወልድያ_ካታንጋ

ለበረኛው ነዋ!! ሁሌም ለበረኛው።

ቧንቧ_ውሃ

ይሄ እኮ ነው፣ የቼልሲ ደጋፊ ዳኛ ቢሆን እንደዚህ ነው ሚያጫውተን።