ጃፓንኛ ላይ ሁለት ነገር ሲወዳደር ዮሪ፣ ዋ እና ጋ የት የት ይገባሉ?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለኤን5 (የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና የመጀመሪያው ደረጃ) እያጠናሁ ነው፤ ማወዳደር ላይ ግን ዞረብኝ። «ባቡር ከአውቶቡስ ይፈጥናል» ለማለት «ዴንሻ ዋ ባሱ ካራ ሃያይ ዴስ» ይባላል? አንዳንድ ቦታ ደግሞ «ኖ ሆ ጋ» የሚል አያለሁ። እሱስ ምንድን ነው?

ራመን ወዳጅ፦ እህቴ፣ ካራን አውጪው። የሚያምታታው የኛ «ከ» ነው። «ከኦሳካ መጣ» ሲሆን ካራ፣ «ከኦሳካ ይበልጣል» ሲሆን ዮሪ። ዮሪ የሚለጠፈው ከተበላጩ ኋላ ነው፦ ዴንሻ ዋ ባሱ ዮሪ ሃያይ ዴስ። «ይበልጥ» የሚል ቃል አትፈልጊ፤ ሃያይ (ፈጣን) እንዳለ ይቀመጣል።

ሺንካንሴን፦ «ኖ ሆ ጋ» ደግሞ የበላጩ ነው፦ ባሱ ዮሪ ዴንሻ ኖ ሆ ጋ ሃያይ ዴስ። በዋ ስትይ ወሬው ስለ ባቡሩ ነው። በኖ ሆ ጋ ስትይ ከሁለቱ አንዱን እየመረጥሽ ነው። ስለዚህ «የቱ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው እሱ ነው፦
— ሺንካንሴን ቶ ሂኮኪ ቶ ዶቺራ ጋ ሃያይ ዴስ ካ? (ከሺንካንሴን፣ ማለትም ከፈጣኑ ባቡር፣ እና ከአውሮፕላን የቱ ይፈጥናል?)
— ሂኮኪ ኖ ሆ ጋ ሃያይ ዴስ። (አውሮፕላኑ ይፈጥናል።)
«ዶቺራ ዋ» እንዳትይ፤ የጥያቄ ቃል ላይ ዋ አይገባም። (በነገራችን ላይ ከቶኪዮ ኦሳካ በሺንካንሴን 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ኤርፖርት ሄዶ መጠበቁ ሲደመር፣ «ሺንካንሴን ኖ ሆ ጋ» የሚል ሰው ቢገጥምሽ አይግረምሽ።)

የማታ ተማሪ፦ ሁለት ነገር ልጨምር። «አውቶቡስ የባቡርን ያህል አይፈጥንም» ለማለት ሆዶ አለልሽ፦ ባሱ ዋ ዴንሻ ሆዶ ሃያኩ ናይ ዴስ። መጨረሻው አሉታ መሆኑን ልብ በይ። ከሆ በፊት ግስ ከመጣ ደግሞ ኖ ይቀራል፦ አሩኩ ሆ ጋ ሃያይ ዴስ፣ በእግር መሄዱ ይፈጥናል። «አሩኩ ኖ ሆ ጋ» ብዙ ሰው ይላል፤ ስህተት ነው።

ጀማሪዋ፦ ተባረኩ! ሦስት ነገር ከሆነስ? ሱሺ፣ ራመንና ቴምፑራ ለምሳሌ።

ራመን ወዳጅ፦ ዶቺራ ለሁለት ብቻ ነው። ለሦስት፦ ሱሺ ቶ ራመን ቶ ቴምፑራ ኖ ናካ ዴ ዶሬ ጋ ኢቺባን ሱኪ ዴስ ካ? (ከሦስቱ ምግቦች ከሁሉም አብልጠሽ የምትወጂው የቱን ነው?) መልሱ ላይ ሆ አያስፈልግም፣ ጋ ብቻ ይበቃል፦ ራመን ጋ ኢቺባን ሱኪ ዴስ። የኔ መልስ ያው ይታወቃል 😄