አስቸኳይ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ የስኳር መርፌ የት ይገኛል?

ጠያቂ፦ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ከደሴ የተላከልን መድኃኒት ሐሙስ ይደርሳል ተብሎ ዛሬ ቅዳሜም የለም። ሹፌሩ ስልክ አያነሳም። የእማማ ኢንሱሊን ለዛሬ ማታ ብቻ ነው የቀረው። ጠዋት ጠርሙሱን ዘቅዝቄ እያንኳኳሁ ነው የሳብኩት። የሁለት አባቶች የግፊት ክኒንም አልቋል። እባካችሁ ቶሎ!

የጦሳ ልጅ፦ አብሽሪ እህቴ። የሆስፒታል ፋርማሲ ጠይቂ።

የሆጤዋ፦ ጥፋቱ የሹፌሩ ብቻ አይደለም። ኢንሱሊን ጠብታ ሲቀረው ይታዘዛል እንዴ? የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ ይኑራችሁ እንጂ።

ጠያቂ፦ እውነትሽን ነው። ግን የምንገዛው በጎ አድራጊ ሲሰጠን ነው። አሁን የጨነቀኝ የነገው ጠዋት ነው።

ጡረተኛዋ ነርስ፦ ልጆቼ፣ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። የኮምቦልቻ ሙቀት እንደ ደሴ አይደለም። ያ ዕቃ ሁለት ቀን መኪና ውስጥ ከዋለ፣ ቢመጣም ባለሙያ ሳያየው እንዳትወጉ። በረዶ ሆኖ ከነበረም ይጣላል። የእኛ ሰው "ቀዝቅዟል" ብሎ ደስ ይለዋል፤ እኔ ስንቱን አይቻለሁ።

አቡ ሰልማን፦ ጎረቤቴ ስኳራቸውን በሜትፎርሚን ክኒን ነው የሚቆጣጠሩት። እስኪመጣ እሱን ስጧቸው።

ፋርማሲስት፦ በፍጹም እንዳትሰጡ! እህቴ፣ የትኛው ኢንሱሊን እንደሆነ አልጻፍሽም። አንዱ በሌላው አይተካም። ጠርሙሱ ላይ ምን ይላል?

ጠያቂ፦ 30/70። ጠዋት 20፣ ማታ 10 ዩኒት ነው የምንወጋቸው።

ወይዘሮ ሰኞ ገበያ፦ ሆስፒታል ፋርማሲ ጠይቂ እህቴ።

ፋርማሲስት፦ ለማብቃቃት ብለሽ ግማሽ አትስጪ። እማማን ከነጠርሙሱና ከነካርዳቸው ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ውሃ ጥም ከበዛባቸው፣ ካስመለሳቸው ወይም ትንፋሻቸው ከፈጠነ ሌሊትም ቢሆን እንዳታሳድሪያቸው። የአባቶችን የክኒን ባዶ ማሸጊያም ያዢ። አቴኖሎል ከሆነ ድንገት ማቆሙ ለልብ አደገኛ ነው።

የሐረጎ ሹፌር፦ እኔ 10 ሰዓት ላይ ከደሴ እወርዳለሁ። ገዝቶ የሚሰጠኝ ካለ አደርሳለሁ። ስንት ዶሮ ከነነፍሷ አድርሻለሁ፣ አንድ ጠርሙስ አያቅተኝም!

ፋርማሲስት፦ ተባረክ። የምታቀዘቅዝበት በረዶ ጠርሙሱን እንዳይነካው በፎጣ ጠቅልለው። እኔ ደሴ ፒያሳ ነኝ፣ አፈላልጌ ካገኘሁ አቀብልሃለሁ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

የሆጤዋ (እሁድ ጠዋት)፦ እህቴ፣ ትናንት ተቆጥቼሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ። ሌሊቱን እማማን ሳስብ ነው ያደርኩት። መርፌው ደረሰላቸው?