ዲትሮይት ይቅደም ወይስ ፖሞና? የ1932 ፎርድ ሮድስተር ለዳኞች ሲዘጋጅ

ሻንሲ32 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሻንሲው ያለቀ፣ ቦዲው ግን ገና ባዶ ብረት ላይ ያለ የ1932 ፎርድ ሮድስተር (ቋሚ ጣሪያ የሌለው ክፍት መኪና) እጃችን ላይ አለ። ቦዲው ብሩክቪል የተባለው አምራች የሚያወጣው አዲስ ብረት እንጂ የዘመኑ ኦሪጅናል አይደለም። ባለቤቱ በሁለት የመኪና ትርኢቶች፣ ዲትሮይት አውቶራማም፣ ካሊፎርኒያ ፖሞና የሚካሄደው ግራንድ ናሽናል ሮድስተር ሾውም ላይ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። ግልጽ ያልሆኑልኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ከሁለቱ የትኛው ይቅደም? ቦዲው ኦሪጅናል አለመሆኑ ነጥብ ያስቀንሳል ወይ? ቀለም ቤት ከመግባቱ በፊት የግድ ማለቅ ያለበት ሥራስ የቱ ነው? «አሳምራችሁ ቀቡት» ከማለት ያለፈ፣ ልክና ቁጥር ያለው መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

የሚሺጋኑ

ወንድሜ፣ ዲትሮይት ይቅደም። ይህን የሚወስነው የሪድለር፣ ማለትም የዲትሮይት አውቶራማ ትልቁ ሽልማት ደንብ ነው። ለሪድለር የሚወዳደር መኪና ከዚያ በፊት በየትኛውም ትርኢት ላይ ቀርቦ መሆን የለበትም፤ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። ፖሞና የሚውለው ብዙ ጊዜ በእኛ ጥር መጨረሻ ነው፣ ዲትሮይት ደግሞ የካቲት ውስጥ። ስለዚህ «መንገድ ላይ ነው» ብላችሁ ፖሞና ካቀረባችሁት፣ ከአንድ ወር በኋላ ዲትሮይት ስትደርሱ የሪድለሩ በር ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ዲትሮይት ጀምሮ በዓመቱ ፖሞና መሄድ ግን ይቻላል። ታዋቂው የመኪና ዲዛይነር ቺፕ ፉስ የሠራው «ኢምፕሬሽን» የተባለው የ1936 ፎርድ ሮድስተር በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሄደው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ሪድለርን፣ በ2006 ደግሞ የፖሞናውን ትልቁን ዋንጫ ወሰደ። ለማንኛውም የየዓመቱን ደንብ ከአዘጋጆቹ ወስዳችሁ አንብቡ። ያለቀውን መኪና ፎቶ ኢንተርኔት ላይ እንዳይለቅም ባለቤቱን ከአሁኑ ያዙት።

ሪድለር እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ይሰጣል። ስሙ የተወሰደው ትርኢቱን ያስተዋውቅ ከነበረው ከዶን ሪድለር ነው። ዳኞቹ አዳራሹ ውስጥ ካሉት አዲስ መኪኖች መጀመሪያ ስምንት ይለያሉ፣ ግሬት ኤይት ይባላሉ። አሸናፊው ከስምንቱ አንዱ ሲሆን ዋንጫና 10,000 ዶላር ያገኛል። ስምንቱ ውስጥ መግባት ራሱ ትልቅ ማዕረግ ነው። ገንዘቡ የመኪናውን ቀለም ወጪ እንኳ እንደማይሸፍን ባለቤቱ አስቀድሞ ይወቀው።

የፖሞናው «የአሜሪካ እጅግ ውብ ሮድስተር» ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1950 ኦክላንድ ላይ የተጀመረ ሲሆን ቁመቱ ዘጠኝ ጫማ ነው። የሚገባበት በጣም ጠባብ ነው፦ አሜሪካ ሠራሽ፣ የ1937 ወይም ከዚያ በፊት የነበረ ሞዴል፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ የጎን መስታወት የሌለው ክፍት መኪና። የእናንተ 1932 ያለ ችግር ይገባል። በራሱ ሞተር ተነሥቶ መንቀሳቀስም አለበት፤ ተገፍቶ ገብቶ ተገፍቶ የሚወጣ ሐውልት እዚያ ቦታ የለውም። እኔ ይህን ደንብ በጣም ነው የምወደው።

ስለ ኦሪጅናልነት የምትሰጋው ሁለት ዓይነት ዳኝነት ስለተቀላቀለብህ ይመስለኛል። እንደ ፔብል ቢች ባለ ኮንኩር (የጥንታዊ መኪኖች የውበት ውድድር) ላይ ለታደሰ መኪና የሚቀርበው ጥያቄ «ከፋብሪካ የወጣው እንዲህ ነበር ወይ?» የሚል ነው፤ ያልነበረ ቡሎን ነጥብ ያስጥላል። ሆት ሮድ (እንደ እናንተ ያለ ተለውጦ የተሠራ የድሮ መኪና) ላይ ግን ዳኛው የሚጠይቀው «ይህን ለምን ቀየርከው? ቅያሬውስ ከተቀረው ጋር ይስማማል?» ብሎ ነው። አዲስ ብረት መሆኑ በራሱ አይጎዳችሁም። የሚጎዳችሁ ቦዲውን ከሳጥን እንዳወጣችሁት ማስቀመጥ ነው። ሁሉም ሰው ገዝቶ የሚገጥመው ነገር ላይ የእጅ ሥራ አይታይበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤቶች ይሳሳታሉ። ዳኛ የሚያየው አንድ ሐሳብ መኪናው ላይ ሁሉ መኖሩን ነው። የመብራቱ ቅርጽ የዳሽቦርዱን ጌጅ፣ የጌጁ ጠርዝ የቸርኬውን መሃል፣ የቸርኬው መስመር የኮፈኑን መተንፈሻ ማስታወስ አለበት። ሃያ ቆንጆ ዕቃ ከሃያ ካታሎግ ተሰብስቦ አንድ ላይ ሲገጠም ዝም ብሎ የዕቃ ክምር ይሆናል። ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ሙሉ ሥዕል አሠሩ፣ ከሥዕሉም አትውጡ። ስትጨርሱ ደግሞ የለወጣችሁትን ሁሉ፣ በፊት ምን እንደነበረና እንዴት እንደተሠራ በፎቶ የሚያሳይ መዝገብ አዘጋጁ። ንፁህ ሥራ ራሱን ይደብቃል። የንፋስ መከላከያው አምስት ሴንቲ መቀነሱን ካልነገራችሁት ዳኛው አያውቅላችሁም።

ባትላሜራ ቁጥር 1

ሦስተኛውን ጥያቄ ለእኔ ተዉልኝ። ቀለም ቤት ከመግባቱ በፊት መኪናው በባዶ ብረቱ ሙሉ በሙሉ ተገጥሞ ማለቅ አለበት። ሙሉ ስል ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ራዲያተር፣ መስታወት፣ የበር ጎማ፣ መቀመጫ፣ የሽቦ መተላለፊያ፣ የምንጣፍ መያዣ ሳይቀር ማለቴ ነው። የሚበሳ ቀዳዳ ሁሉ ያኔ ይበሳል። ቀለም ከገባ በኋላ መሰርሰሪያ ያነሣ ሰው ሥራውን ገና አልጨረሰም።

አሁን ወደ ክፍተት። በበርና በቦዲ መካከል ያለው ክፍተት መጨረሻ ላይ 3.2 ሚሊ (ስምንተኛ ኢንች) እንዲሆን ከፈለጋችሁ ብረቱ ላይ 3.2 አታድርጉት። ፕራይመሩ፣ ቀለሙና ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚቀባው ጥርት ያለ ሽፋን) ተደምረው እያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ይጨምራሉ። ጠርዙ ሁለት ስለሆነ ክፍተቱ 0.6 እስከ 0.8 ይጠባል። ስለዚህ ብረቱን 4 ሚሊ ላይ አቁሙት። መለኪያችሁ የ4 ሚሊ መሰርሰሪያ ግንድ ይሁን፤ ዙሪያውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥብቀት ማለፍ አለበት። ዓይን አጠቃላይ ስፋቱን ብዙም አይለይም፣ ልዩነትን ግን ወዲያው ይይዛል። ዙሪያውን እኩል የሆነ 4 ሚሊ፣ እዚህ 2.5 እዚያ 3.5 ከሆነው ይሻላል።

ልኩ የሚወሰደው ቦዲው በራሱ ሻንሲ ላይ፣ በመጨረሻዎቹ ማያያዣ ጎማዎች ላይ፣ ሙሉ ክብደቱን ተሸክሞ ሲቆም ብቻ ነው። ሮድስተር ጣሪያ ስለሌለው ቦዲው ይለመጣል። ሞተሩ ሳይገባ ያስተካከላችሁት በር ሞተሩ ሲገባ ይነክሳል። የበሩ የኋላ ክፍተት ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ መሃሉ ቁጭ ብሏል ማለት ነው፤ ከበሩ ሥር ባለው ማያያዣ ላይ ሽም (ከፍታ ማስተካከያ ስስ ንጣፍ) ጨምሩ። ከላይ ከሰፋ ደግሞ ከዚያው ቀንሱ። ማጠፊያውን መቀጥቀጥ የሚመጣው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሠራ በኋላ ነው። የበሩንም ጎማ አስገብታችሁ ለኩ። አዲስ ጎማ ጠንካራ ስለሆነ በሩን አንድ ሁለት ሚሊ ወደ ውጭ ሊገፋ ይችላል፣ ያን ጊዜ ክፍተቱ ልክ ሆኖ ገጹ እኩል አይሆንም።

ክፍተቱ የሰፋበትን ቦታ በስቱኮ አትሙሉት። በር በተዘጋ ቁጥር ጠርዝ ላይ ያለ ስቱኮ ይፈረፈራል። ከ1.6 እስከ 2.4 ሚሊ ውፍረት ያለው የብየዳ ሽቦ ጠርዙ ላይ አስተኝታችሁ በነጥብ በነጥብ በይዱት። አንድ ነጥብ እዚህ፣ ቀጣዩ ራቅ ብሎ፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። በአንድ ጊዜ ከጎተታችሁት የበሩ ቆዳ ይጣመማል፣ ያን ማቅናት የሦስት ቀን ሥራ ነው። ከዚያ በሞረድ ወደ ልኩ አምጡት።

ሁሉም ልክ ሲሆን፣ ከመፈታቱ በፊት፣ በማጠፊያውና በምሰሶው ላይ በአንድነት የሚያልፍ 3 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ፤ በአንድ ማጠፊያ ሁለት። ከቀለም በኋላ ሲገጠም መጀመሪያ ፒን አስገቡ፣ ቀጥሎ ቡሎን አጥብቁ። በሩ ወደ ነበረበት ቦታ ራሱ ይመለሳል። ይህ ካልተደረገ አዲስ ቀለም ላይ በር ማስተካከል ይመጣል፣ የሚጫረውም ያኔ ነው።

የ1932 ኮፈን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከኋላ ቦዲው ላይ፣ ከፊት የራዲያተሩ ሽፋን ላይ ነው የሚያርፈው። የራዲያተሩ ማያያዣ ላይ ትንሽ ሽም ብትጨምሩ እንኳ የኮፈኑ መስመር በሙሉ ይነሣል። ስለዚህ ሻንሲው ላይ ያለውን የእያንዳንዱን ሽም ውፍረትና ቦታ ጽፋችሁ ያዙ።

ቀለም ቤት

ባትላሜራ ቁጥር 1 ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ከቀለሙ በኩል ልጨምር።

ቀለሙ ካንዲ (የሥሩን ቀለም አሳልፎ የሚያሳይ) ወይም ሜታሊክ (የብረት ቅንጣት ያለበት) ከሆነ ሁሉንም ክፍል በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቅልቅል፣ በእኩል ዙር ቀቡ። ካንዲ በእያንዳንዱ ዙር ይጠቁራል፤ በሩ ስድስት፣ ቦዲው አምስት ዙር ከጠጣ አዳራሹ መብራት ሥር ሁለት ቀለም ሆኖ ይታያል። በሩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ፣ ቦዲውን ቆሞ ከቀባችሁት ደግሞ የሜታሊኩ ቅንጣት በተለያየ አቅጣጫ ስለሚተኛ ቀለሙ ከጎን ሲታይ ይለያያል። ክፍሎቹን መኪናው ላይ በሚቆሙበት አቀማመጥ ስቀሉ።

ክሊሩን በአንድ ጊዜ አትከምሩት። ሦስት ዙር፣ ከዚያ አምራቹ እስከሚለው ድረስ ማድረቅ፣ በ600 ውሃ ወረቀት በጠፍጣፋ ብሎክ ማስተካከል፣ ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ዙር እንደገና። የመጨረሻው ማሸት 1000፣ 1500፣ 2000፣ 3000፣ ከዚያ ፖሊሽ። ከማሸት በፊት ጠርዞችን በቴፕ ሸፍኑ፤ የሚቆረጠው ሁልጊዜ ጠርዝ ነው። ተቸኩሎ የተደራረበ ክሊር ውስጡ የቀረው ማቅጠኛ ቀስ ብሎ ሲወጣ ይሸበሸባል፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረትም ከታች ብቅ ይላል። ከቀለም እስከ ትርኢት ወራት ያስፈልጋሉ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሥሩን አትርሱ። እዚያ ደረጃ ያለ መኪና ከሥሩ መስታወት ይነጠፍለታል፤ የወለሉ ሥር ከኮፈኑ እኩል መጠናቀቅ አለበት።

ሻንሲ32 (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ቡሎንና ክሮም። በሩም መያዣ የለውም፣ በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው። ለዳኞች ይህ ችግር አለው?

የሚሺጋኑ

ቡሎን ላይ ሁለት ስብስብ ይኑራችሁ። ለሙከራ ገጠማ ተራው፣ ለመጨረሻው ቀን ብቻ የተወለወለው። የአይዝጌ ብረት ቡሎን ደረቁን ከተጠበቀ ከዳዶው ጋር ተናክሶ ይቀራል፣ ቆርጦ ከማውጣት ሌላ መላ የለውም። ጥርሱ ላይ አንቲ ሲዝ (መናከስ የሚከላከል ቅባት) ቀቡ፣ በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ በአየር ሽጉጥ አይነካም። ከዳዶው የሚወጣው ጥርስ በሁሉም ቦታ እኩል ይሁን፣ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ። የጭንቅላቱ ማዕዘን ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያይ ግን ጥብቀቱን አትላሉ፤ በሮንዴላ ውፍረት አስተካክሉት።

ክሮም ለሚገባ ዕቃ ቀዳዳውን አስቀድማችሁ ትንሽ አስፉት፣ ጥርስ ያለውን ሸፍኑት፤ ከመዳብና ኒኬል ጋር ውፍረት ስለሚጨምር ያለበለዚያ አይገባም። የመሪና የእግር (ሰስፔንሽን) ጠንካራ ቡሎኖችን ግን ክሮም አታስነክሩ። ገንዳው ውስጥ ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ይገባል፤ ወዲያው ወደ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ምድጃ ለሰዓታት ካልተጋገረ፣ ሳይታጠፍ በድንገት የሚሰበር ቡሎን ይሆናል። ያ መኪና ፖሞና ላይ በሞተሩ የሚሄድ ነው፣ ሰው ይሞታል።

የበሩ ጥያቄ ጥሩ ነው። በአዳራሽ ውስጥ ትርኢት የእሳት ደንቡ ባትሪ እንዲነቀል፣ የነዳጅ ክዳን እንዲታሸግ፣ ነዳጁም ከታንኩ ሩብ ወይም ከ5 ጋሎን፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ባትሪው ከተነቀለ በኤሌክትሪክ የሚከፈት በርና የኋላ ክዳን ሞቶ ይቀራል፤ ዳኛው ሲመጣ ዝግ መኪና ፊት ትቆማላችሁ። ለእያንዳንዱ በር ከወለሉ ሥር የሚሳብ የብረት ገመድ አስገቡ። ለኋላ ክዳኑ ሁለት ገመድ፣ በተለያየ መንገድ። ባትሪው እዚያው ክዳን ሥር ከሆነ ደግሞ ከውጭ 12 ቮልት የሚሰጥበት የተደበቀ መገናኛ ያስፈልጋል።

ባትላሜራ ቁጥር 1

ገመዱን ቀለም ከመግባቱ በፊት፣ በባዶ ብረቱ ገጠማ ጊዜ ሞክሩት። የበሩ ጎማ ገብቶ፣ ባትሪው ተነቅሎ፣ ከሃምሳ ጊዜ ያላነሰ ክፈቱ ዝጉ። ገመዱ ከሳሳ ወይም ከረዘመ የሚታወቀው ያኔ ነው።