የአጎቴ የጎልፍ ጉዞ መላው ጠፍቶኛል፤ ምክራችሁን እሻለሁ

የምኖረው ለገጣፎ ነው። አጎቴ ጡረታ ሲወጡ ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ስኮትላንድ ሄደው፣ በሴንት አንድሩስ ከተማ በባሕሩ ዳርቻ በተዘረጋው ጥንታዊ የጎልፍ ሜዳ፣ በኦልድ ኮርስ ለመጫወት ተመኝተው ዝግጅቱን አደራ ሰጡኝ። የጉዞ ወኪላችን ቅዳሜ ደርሰው፣ እሑድ ተጫውተው፣ ሰኞ እንዲመለሱ አድርጎ ትኬቱን ቆረጠ፤ እኔም ሳላጣራ ከፈልሁ። ለካስ ሜዳው እሑድ ለጨዋታ ዝግ ነው፤ የከተማው ሰው ውሻውን እየጎተተ ይንሸራሸርበታል! በሌላው ቀንም ቢሆን አስቀድሞ ቦታ ያልያዘ ተጫዋች የሚገባው በዕጣ ሲሆን፣ ዕጣው የሚወጣው ከጨዋታው 2 ቀን በፊት ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የፕሬዚደንትስ ካፕ ውድድር የተካሄደበትን፣ በደቡብ አፍሪካ ጆርጅ ከተማ በተራሮች ግርጌ የሚገኘውን ፋንኮርትን በምትኩ ባቀርብላቸው አልሰማ አሉኝ። ግቢያችን ሣር ላይ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ቀብረው በየማለዳው ኳስ እያስገቡ ይለማመዳሉ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ስሕተቴን ልነግራቸው አልደፈርሁም።

እዚያ የተጫወታችሁ ካላችሁ፣ ዕጣው እንዲደርሳቸው ስንት ቀን ቢቆዩ ይበቃል? ዕጣው ባይወጣላቸውስ በዚያው ከተማ ያሉትን ኒው ኮርስንና ጁቢሊን ከወዲሁ ማስያዝ ይሻላል? የቪዛ ማመልከቻው ገና ስላልገባ፣ የጨዋታው ቀን ሳይቆረጥ የጉዞ መርሐ ግብሩን እንዴት ብዬ ልጻፈው?