«ወሬ ባንክ አይዘጋም»፦ ጃፓንን ያደነዘዛት ጋዜጣዋ ነው ወይስ ፓርላማዋ?

ጉለሌ፦ ትናንት ማታ በአንድ የኢኮኖሚ ውይይት እንግዳው «ጃፓንን ሠላሳ ዓመት ያስተኛት ሚዲያዋ ነው፤ ሕዝቡን አስፈራርቶ ኪሱን አስቆለፈው» ሲል ሰምቼ አልዋጥልህ አለኝ። የአክሲዮን ዋጋ መለኪያው ኒኬይ በ1989 መጨረሻ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) 38,915 ደርሶ የተንኮታኮተው ጋዜጣ ስለጮኸ አይደለም። ማዕከላዊ ባንኩ ከሜይ 1989 እስከ ኦገስት 1990 ወለዱን ከ2.5 ወደ 6 በመቶ ሰቀለው። በመሀሉ የገንዘብ ሚኒስቴር ለመሬትና ለሕንፃ የሚሰጠው ብድር ከጠቅላላው ብድር ፈጥኖ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። የመሬት ዋጋ ሲወርድ በመሬት ዋስትና የተሰጠው ብድር አብሮ ተበላሸ። ወሬ ባንክ አይዘጋም።

ሳሪስ፦ «ወሬ ባንክ አይዘጋም»? እዚያው ጃፓን ዘግቷል እኮ! ማርች 14 ቀን 1927 የገንዘብ ሚኒስትሩ ካታኦካ ናኦሃሩ ፓርላማ ውስጥ የቶኪዮ ዋታናቤ ባንክ ወደቀ ብሎ ተናገረ። ባንኩ ግን የዕለቱን ክፍያ እንደምንም ፈጽሞ ነበር። በማግስቱ በሩን ዘጋ። ሕዝቡ ወደ ሌሎቹ ባንኮች ጎረፈ፤ ኤፕሪል ላይ ግርግሩ ብሶ መንግሥት ለሦስት ሳምንት ክፍያ አገደ። ጥሬ ገንዘብ ከማለቁ የተነሣ ጀርባው ባዶ የሆነ፣ በአንድ ፊቱ ብቻ የታተመ ባለ 200 የን ኖት አወጡ።

ጉለሌ፦ እህቴ፣ የተናገረው ሚኒስትር እንጂ ጋዜጠኛ አይደለም። ለእኔው ማስረጃ አመጣሽልኝ። ደግሞም ከ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጀምሮ የማይከፈል የዕዳ ሰነድ ታቅፈው የተቀመጡ ባንኮች ናቸው የተናጉት። ወሬው የበሰበሰውን ገፋው እንጂ ጤነኛውን አልጣለም።

ቀጨኔ፦ ጤነኛውም ይናጋል። በጃፓኗ አይቺ ግዛት የሚገኘው የቶዮካዋ ቁጠባ ተቋም ምንም አልሆነም ነበር። ዲሴምበር 1973፣ የነዳጅ ቀውሱ ሰውን የሽንት ቤት ወረቀት ባሰለፈበት ሰሞን፣ ባቡር ላይ ተማሪ ልጃገረዶች ሲጫወቱ እዚያ ልትቀጠር ያለችውን ጓደኛቸውን «አደገኛ ነው» አሏት፤ ዘራፊ ይመጣል ለማለት ነው። ጨዋታው ከቤት ወደ ፀጉር ቤት፣ ከፀጉር ቤት ወደ ሱቅ ሲዞር «ሊከስር ነው» ሆነና ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ተሰለፈ። ያረጋጉት ደግሞ ማዕከላዊ ባንኩና ወሬው ሐሰት መሆኑን የጻፉት ጋዜጦች ናቸው። ስለዚህ ሁለታችሁም «ወሬ» እና «ጋዜጣ» የሚሉትን እየደባለቃችሁ ነው።

ሳሪስ፦ እሺ፣ ወደ ጋዜጣው እንምጣ። በ1996 ሰባቱን የቤት ብድር ኩባንያዎች ለማፍረስ 685 ቢሊዮን የን ከበጀት ሲጠየቅ ሚዲያው በሙሉ በግብር ከፋዩ ገንዘብ ባንክ ልታድኑ ነው ብሎ ጮኸ፤ ተቃዋሚዎቹም ፓርላማው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው መንገድ ዘጉ። ከዚያ በኋላ ለባንክ የሕዝብ ገንዘብ ይሰጥ ለማለት የሚደፍር ፖለቲከኛ ጠፋ። በኖቬምበር 1997 የአክሲዮን ደላላው ሳንዮ ሴኩሪቲስ ከሌሎች ተቋማት ያለ ዋስትና የተበደረውን ሳይመልስ ቀረ። ማን ነገ እንደሚወድቅ ስላልታወቀ ባንኮች እርስ በርስ የሚሰጣጡት የአንድ ሌሊት ብድር ደረቀ፤ በዚያው ወር ሆካይዶ ታኩሾኩ ባንክና ሌላው የአክሲዮን ደላላ ያማይቺ ተከተሉ። ያንን ጩኸት ምን ልትለው ነው?

ጉለሌ፦ ጩኸቱ ትክክል ነበር! ሕዝቡ ማን ምን ያህል እንደጠፋበት ሳይነገረው ክፈል ተባለ። ያማይቺ 260 ቢሊዮን የን ያህል ኪሳራ ከመዝገብ ውጭ ደብቆ ኖሯል። መተማመንን የገደለው መደበቁ ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፦ ስለ ጃፓን ጋዜጣ እኛ ምን አገባን?

ቀጨኔ፦ የ1923 ዓ.ም. (ይኼኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ሕገ መንግሥታችን ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት የተቀዳ ነው፤ ዛሬም የጃፓንን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ፣ ካይዘንን፣ ተቋም አቁመን እናስተምራለን። ፋብሪካዋን ከቀዳን የወደቀችበትንም ማወቅ አለብን።

ጉለሌ፦ ልጨምር። በጁን 2019 የወጣውን የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ቡድን ሪፖርት አስታውሱ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ባል ከ65፣ ሚስት ከ60 በላይ፣ ሁለቱም ሥራ የላቸውም፤ ወጪያቸው ከገቢያቸው በወር 55,000 የን ገደማ ይበልጣል። በ12፣ ከዚያ በ30 ዓመት ስታባዙት 20 ሚሊዮን ይጠጋል። ያ ጉድለት ብዙዎቹ ካጠራቀሙት እያወጡ የሚሞሉት የአማካይ ቁጥር ነው እንጂ የእያንዳንዱ ጡረተኛ ዕዳ አይደለም። የገንዘብ ሚኒስትሩ አሶ ታሮ ይህን ቁጭ ብሎ ከማስረዳት ይልቅ ሪፖርቱን አልቀበልም አለ። ምርጫ በር ላይ ነበር። ሰው የፈራው ያኔ ነው።

ሳሪስ፦ ርዕሱ ላይ «20 ሚሊዮን ይጎድላል» ብሎ የሰቀለው ማን ሆነና? ማባዛቱን ስንቱ ጋዜጣ ከርዕሱ እኩል አሳየ? በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የፍጆታ ታክሱ 10 በመቶ ሲገባ ደግሞ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ የሚወጣ በደንበኝነት የሚገዛ ጋዜጣ በ8 በመቶ ቀረ። ከሱቅ ከገዛኸው ግን 10 ነው። ታላላቆቹ ጋዜጦች ለዓመታት «ታክሱ ይጨመር፣ ዕዳው ሊውጠን ነው» ሲሉ ኖረው ለራሳቸው ቅናሹን ጠየቁ፤ አገኙም። ከመንግሥት ቅናሽ የተቀበለ ጋዜጣ የመንግሥትን ሒሳብ እንዴት አድርጎ ይመረምራል?

ቀጨኔ፦ የዕዳው ነገር ከተነሣ፣ በሜይ 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ኢሺባ ፓርላማ ቆሞ የአገሩ ፋይናንስ ከግሪክ የባሰ ነው አለ። ዕዳው ከዓመታዊ ምርቱ ሁለት እጥፍ መብለጡ እውነት ነው። ግን ዕዳው በየን ነው፤ መንግሥት ለመበደር ከሸጠው ቦንድ ግማሽ ያህሉን የያዘው የራሱ ማዕከላዊ ባንክ ነው። ግሪክ የተበደረችው ራሷ ልታትመው በማትችለው ዩሮ ነበር። ይህን ልዩነት ሳይጠቅስ ቦንድ ሻጩ መንግሥት ራሱ ቦንዱን አጣጣለ። ካታኦካ ማለት ይኸው ነው።

ጉለሌ፦ ተመስገን! አሁንም ፖለቲከኛ ነው። ጋዜጣው ያለውን ጻፈ።

ሳሪስ፦ «ያለውን ጻፈ» ማለት ሥራ ነው እንዴ? በየሚኒስቴሩ በተከፈተላቸው የዘጋቢዎች ክበብ ተቀምጠው መግለጫውን እየተቀበሉ መገልበጥ ከሆነ፣ የየንና የዩሮን ልዩነት አንድ አንቀጽ ጽፎ ከሥሩ ማስቀመጥ ምን ያቅታቸው ነበር? ደግሞ ስለ 8 በመቶው ጠይቄህ አልመለስክልኝም።

ጉለሌ፦ 8 በመቶው ነውር ነው፤ አልከላከልም። ግን በኤፕሪል 1997 ታክሱን ከ3 ወደ 5 አሳድጎ ገና ያላገገመውን ገበያ የመታው የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሺሞቶ እንጂ አሳሂ ጋዜጣ አይደለም።

ሳሪስ፦ እኔም አሳሂ ነው አላልኩም። «ወሬ ባንክ አይዘጋም» ያልከውን ግን እስካሁን አላነሣህም።