የጤፍ ቡቃያ አር.ኤን.ኤ ላይ ያለውን የኤም6ኤ መጠን በየትኛው ዘዴ ልለካ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ላብራቶሪ የማስተርስ ጥናቴን በመሥራት ላይ ነኝ። ማወቅ የምፈልገው ጤፍ ውኃ ሲያጥረው በመልእክተኛ አር.ኤን.ኤው (የጂንን መልእክት ወደ ፕሮቲን መሥሪያው በሚያደርሰው) ላይ ያለው ኤም6ኤ፣ ማለትም በአዴኖሲን ስድስተኛ ቦታ ባለው ናይትሮጅን ላይ የሚቀመጠው የሜቲል ምልክት፣ መጨመሩን ወይም መቀነሱን ነው። የአሥር ቀን ቡቃያዎችን ከነሥራቸው ነቅዬ ጠቅላላውን አር.ኤን.ኤ ካወጣሁ በኋላ፣ 200 ናኖግራም እየለካሁ ናይለን ሜምብሬን ላይ በማንጠባጠብ ዶት ብሎት፣ ማለትም ኤም6ኤን በሚይዝ አንቲቦዲ ነጠብጣቡ ምን ያህል እንደሚጠቁር የሚታይበትን ዘዴ፣ ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ዙር ውኃ የተከለከለው ናሙና ጠቁሮ ታየ፤ በሁለተኛው ሁለቱ እኩል ሆኑ፤ በሦስተኛው ደግሞ በደንብ ሲጠጣ የቆየው በለጠ። አማካሪዬ ናሙናው ወደ ውጭ ተልኮ በሲኩዌንሲንግ (የአር.ኤን.ኤውን ፊደላት ቅደም ተከተል በማንበብ) እንዲመረመር ይመክራሉ፤ ገንዘባችን ግን ለአንድ ዙር ብቻ የሚበቃ ነው። መብራት በተደጋጋሚ ስለሚጠፋም የፍሪዘሩ ነገር ያሳስበኛል። ምን ብታደርጊ ይሻላል ትሉኛላችሁ?

መልስ፣ ስድስት ኪሎ ከሚሠራ የሞለኪውላር ባዮሎጂ ባለሙያ

እህቴ፣ ከዘዴው በፊት ናሙናሽን እንድትመረምሪ እለምንሻለሁ። ከጠቅላላው አር.ኤን.ኤ ውስጥ አብዛኛው፣ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ ራይቦሶማል (የፕሮቲን መሥሪያው የራይቦሶም አካል) ነው፤ መልእክተኛው ግን ከ1 እስከ 5 በመቶ ቢሆን ነው። ራይቦሶማል አር.ኤን.ኤ ራሱ ኤም6ኤ ስላለበት፣ ሜምብሬንሽ ላይ የጠቆረው በአመዛኙ የእርሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ቡቃያውን ከነሥሩ መንቀልሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ከሥሩ ጋር የአፈር ባክቴሪያ ይመጣል። ለምሳሌ የኢ.ኮላይ 23ኤስ ራይቦሶማል አር.ኤን.ኤ በ1618 እና በ2030 ቦታዎች ላይ ኤም6ኤ አለው፤ የብዙ ባክቴሪያዎች ዲ.ኤን.ኤም ይህንኑ የሜቲል ምልክት በአዴኒን ላይ ስለሚይዝ አንቲቦዲው ሁለቱን አይለይልሽም።

ስለዚህ ቅጠሉን ብቻ ቁረጪ፤ ዲ.ኤን.ኤን በሚፈጨው ኢንዛይም፣ በዲ.ኤን.ኤዝ፣ አጽጂ፤ ከዚያም መልእክተኛውን በፖሊ ኤ ጅራቱ፣ በኦሊጎ ዲቲ ዶቃዎች፣ ሁለት ጊዜ አጥሪ። የራይቦሶማል አር.ኤን.ኤው፣ የ25ኤስ እና የ18ኤስ፣ ሁለት ደማቅ መስመሮች ከጄሉ ላይ እስካልጠፉ ድረስ ወደሚቀጥለው ሥራ አትለፊ። ከነባሩ ናሙና ላይ ደግሞ ጥቂት ወስደሽ አር.ኤን.ኤን በሚቆርጠው ኢንዛይም፣ በአር.ኤን.ኤዝ ኤ፣ ከፈጨሽው በኋላ እንደገና አንጠባጥቢው። ምልክቱ ካልጠፋ ስትለኪ የከረምሽው አር.ኤን.ኤ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

መልስ፣ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ከሚሠራ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ

በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። ዶት ብሎት ግን ናሙናው ቢጠራም አቅጣጫ ከማመልከት ያለፈ ነገር አይሰጥም። በአጥቢ እንስሳት መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ ውስጥ ኤም6ኤ ከአዴኖሲኖቹ ሁሉ ከ0.1 እስከ 0.4 በመቶ ብቻ ነው፤ እንዲህ ባለ ጥቂት መጠን ላይ የሚመጣን ለውጥ የነጠብጣብ ጥቁረት ዓይቶ መፍረድ ያስቸግራል። ጥያቄዎ «በጠቅላላው ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ከሆነ፣ ተገቢው መሣሪያ ከሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ ጋር የተያያዘው ማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውሎችን ለያይቶ በክብደታቸው የሚለካ መሣሪያ) ነው።

አሠራሩ ከሚገመተው በላይ ቀላል ነው። 200 ናኖግራም ያህል የጠራ መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ በኑክሊዬዝ ፒ1፣ ፒኤች 5.3 በሆነ ባፈር ውስጥ፣ ለሁለት ሰዓት ይፈጫል፤ ቀጥሎ ፒኤቹ ከፍ ተደርጎ ፎስፌቱ በአልካላይን ፎስፋቴዝ ይነሣል። መሣሪያው አዴኖሲንን ከ268 ወደ 136፣ ኤም6ኤን ደግሞ ከ282 ወደ 150 በሚሄደው የክብደት ሽግግር ይለያቸዋል፤ እርስዎም ከንጹሕ ኑክሊዮሳይድ በተሠራ ስታንዳርድ ከርቭ የሁለቱን ንጽጽር ያሰላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ኤም1ኤ የሚባለው ሌላ ለውጥ ክብደቱም ሽግግሩም ከኤም6ኤ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ከኮለሙ በተለያየ ሰዓት መውጣታቸውን በስታንዳርድ ማረጋገጥ የግድ ነው። ይባስ ብሎ ኤም1ኤ በአልካላይን ባፈርና በሙቀት ውስጥ ሲቆይ ራሱ ወደ ኤም6ኤ ይለወጣል። ኤም1ኤ በቲ አር.ኤን.ኤ (አሚኖ አሲድ አመላላሹ አር.ኤን.ኤ) እና በራይቦሶማል አር.ኤን.ኤ ላይ ስለሚበዛ፣ ያልጠራ ናሙና እዚህም ያሳስትዎታል። የፎስፋቴዙን ሥራ ሌሊቱን ሙሉ አያሳድሩት።

የፍሪዘሩን ነገር በተመለከተ፣ አር.ኤን.ኤውን በኢታኖል ውስጥ እንደተዘቀጠ ያቆዩት። ማሽኑ ሌላ ቦታ ከሆነም፣ እዚሁ ፈጭተው ኑክሊዮሳይዱን መላክ ይችላሉ፤ አንዴ ከተፈጨ በኋላ አር.ኤን.ኤዝ የሚቆርጠው ነገር አያገኝም።

መልስ፣ በሲኩዌንሲንግ መረጃ ትንተና ላይ ከሚሠራ አባል

አማካሪሽ የመከሩት ሌላ ጥያቄ ይመልሳል፤ እርሱም «የትኛው ጂን ላይ?» የሚለው ነው። ከ2012 ጀምሮ የተለመደው ዘዴ የተቆራረጠውን አር.ኤን.ኤ በአንቲቦዲ አጥምዶ ማንበብ ሲሆን፣ ምልክቱ ያለበትን ከ100 እስከ 200 ፊደል የሚደርስ አካባቢ ያሳያል እንጂ ትክክለኛዋን አዴኖሲን አይነግርም፤ በየቦታው ስንት በመቶው እንደተለወጠም በቅጡ አይገልጽም። ግሎሪ በሚባለው ዘዴ ምልክት የሌለባቸው አዴኖሲኖች በናይትራይት ወደ ሌላ ፊደል፣ ወደ ኢኖሲን፣ ስለሚለወጡና ኤም6ኤ ብቻውን ሳይነካ ስለሚቀር፣ ቦታውም መጠኑም ይታወቃል። ናኖፖር የሚባለው የንባብ ዘዴ ደግሞ አር.ኤን.ኤውን ሳይገለብጥ በቀጥታ ያነባል፤ ነገር ግን በሌላ ፍጡር ላይ የሠለጠነን ሞዴል ለጤፍ ሳይፈትኑ ማመን አይገባም። በእኔ ግምት ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ዙር ብቻ ከሆነ፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ለውጥ መኖሩን ከማሳየቱ በፊት አታውጡት።

ሌላም ነገር አለ። ከአንድ ቱቦ የተንጠባጠቡ ሦስት ነጠብጣቦች ሦስት ድግግሞሽ ተብለው አይቆጠሩም። ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ማሰሮዎች የበቀለ ጤፍ፣ ከቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የታጨደ፣ ያስፈልግሻል።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በአር.ኤን.ኤዝ ኤ የፈጨሁትን ናሙና ትናንት አንጠባጥቤው ነበር። ኑክሊክ አሲድን የሚያቀልመውን ሜቲሊን ብሉ ስቀባው ነጠብጣቡ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ሐመር ሰማያዊ ሆነ፤ አንቲቦዲው ግን ከቀድሞው ግማሽ ያህል ጥቁረት አሳየ። ዲ.ኤን.ኤ አለበት ማለት ነው?

መልስ፣ ከስድስት ኪሎው ባለሙያ

በጣም የሚያስጠረጥረው እርሱ ነው። አንቲቦዲው ያለ ምክንያት የሚጣበቅ መሆኑንም ለመለየት፣ ያንኑ ናሙና በዲ.ኤን.ኤዝ ብቻ፣ ከዚያም በሁለቱም ኢንዛይሞች ፈጭተሽ ጎን ለጎን አንጠባጥቢ። በሁለቱም የተፈጨው ላይ ምልክቱ ከቀረ ጥፋቱ የአንቲቦዲው ወይም የማገጃ ባፈሩ ነው። ከጠፋ ግን ዲ.ኤን.ኤዙን ደግመሽ፣ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አር.ኤን.ኤን ወደ ዲ.ኤን.ኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ያልገባበት ፒ.ሲ.አር (ዲ.ኤን.ኤን የሚያባዛ ሙከራ) ሠርተሽ ምንም አለመውጣቱን ካየሽ በኋላ ወደ ኦሊጎ ዲቲው ሂጂ። የእነዚያን ሦስት ሜምብሬኖች ውጤት ግን ለጊዜው ከጥናትሽ አውጪው።